የሰብልንና የመሬትን ሙቀት ከአየር ላይ መመልከት፦ በድሮን ስለሚጫን የሙቀት ካሜራ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በመስኖ በሚለሙ ቦታዎች የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየሳምንቱ የሚቀርብለት ጥያቄ ውኃው አስቀድሞ ለማን ይድረስ የሚል ነው። ማሳው በቦዩ ራስ በኩል የሆነ ገበሬ ሰብሉን ሲያጥለቀልቅ፣ በቦዩ ጫፍ ያለው ተራውን ሲጠብቅ ይሰነብታል። በስብሰባ ላይ ግን ሁለቱም ማሳቸው እንደተጠማ ይናገራሉ። የውኃ አባቱም ሆነ የማኅበሩ ኮሚቴ የሚፈርደው በዓይኑ ባየው ነው፤ ዓይን ደግሞ የሚያየው ዘግይቶ ነው። የበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ የሽንኩርት ቅጠል ጫፉ ደርቆ በሚታይበት ጊዜ የተክሉ እድገት ከቀነሰ ብዙውን ጊዜ ቀናት አልፈዋል።

ተክል ውኃ ሲያጥረው ከመጠውለጉ በፊት ይሞቃል። ይህን ሙቀት ከላይ ሆኖ የሚያነብ ካሜራ ዛሬ በአነስተኛ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ማለትም በድሮን ላይ ተጭኖ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሜራው ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደማያይ፣ ለማስተማሪያና ለምርምር እንዴት እንደሚያገለግል እንገልጻለን። መሣሪያው በእጃቸው የሌለ ሠራተኞችም ከትምህርቱ የሚበዛውን ክፍል በሁለት እንስራና በአንድ ቴርሞሜትር ማስተማር ይችላሉ።

ካሜራው የሚያየው ምንድን ነው?

ማናቸውም ነገር፣ ድንጋይም ይሁን ቅጠል ወይም የሰው ገላ፣ እንደ ሙቀቱ መጠን በዓይን የማይታይ ጨረር ይለቃል። ይህን ዓይነቱን ጨረር እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው ዊልያም ኸርሸል የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው። የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ ምንም ብርሃን በማይታይበት ሥፍራ ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ አገኘው። የእኛ ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮን የሆነውን ብርሃን ነው። የሙቀት ካሜራው የሚያየው ግን ከ8 እስከ 14 ማይክሮን ገደማ ያለውን ነው፤ ስለዚህ ብርሃን አያስፈልገውም፤ በጨለማም ይሠራል።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው መሣሪያ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ነው። ልዩነቱ ያ መሣሪያ አንድ ነጥብ ብቻ ሲለካ፣ በስፋት 640 በቁመት 512 ነጥብ ያለው ካሜራ በአንድ ጊዜ 327,680 ነጥቦችን መለካቱ ነው። (የግንባር መለኪያው አብዛኛውን ጊዜ ለሰው ገላ ሙቀት ብቻ ተስተካክሎ የተሠራ ስለሆነ ቅጠልና አፈር ለመለካት አይሆንም፤ ለፋብሪካና ለጋራዥ ሥራ የሚሸጠው ይሻላል።)

ሦስት ነገሮች ከመጀመሪያው በሚገባ መታወቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ካሜራው የሚያየው የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው። ከአፈሩ ገጽ 1 ሚሊሜትር እንኳ ወደ ታች አይዘልቅም። ስለዚህ «የከርሰ ምድር ውኃ ያሳያል» እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም። ከታች ያለው ነገር የሚታወቀው የላዩን ሙቀት ከለወጠው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በሥዕሉ ላይ የሚታየው ቀይና ሰማያዊ ቀለም በመሣሪያው የተቀባ ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች በየሥዕሉ በጣም የሞቀውን ቀይ፣ በጣም የቀዘቀዘውን ሰማያዊ አድርገው ራሳቸው ይመድባሉ። በአንዱ ሥዕል 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነው ቀይ ሲሆን፣ በሌላው 45 ዲግሪ የሆነው ቀይ ሊሆን ይችላል። የሁለት ገበሬዎች ማሳ በሁለት የተለያየ ሥዕል ቀርቦ «የእርስዎ ቀይ ነው፣ የእርሳቸው ሰማያዊ ነው» ቢባል ከባድ በደል ሊፈጸም ይችላል። የቀለሙ መለኪያ በሁሉም ሥዕሎች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ መወሰንና ከሥዕሉ ጎን መታተም አለበት።

ሦስተኛ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ካሜራውን ያታልላል። ቅጠል፣ ውኃና እርጥብ አፈር ሙቀታቸውን በደንብ የሚለቁ ስለሆኑ ንባባቸው የታመነ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ግን የራሱን ሙቀት ከመልቀቅ ይልቅ የሰማዩን ቅዝቃዜ እንደ መስተዋት ይመልሳል። በእኩለ ቀን እጅ የሚያቃጥል ጣራ በሥዕሉ ላይ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ይታያል። ይህን በማሠልጠኛ ጣቢያው ጣራ ላይ ማሳየት ተማሪዎች የማይረሱት ትምህርት ነው።

እንስራና ቅጠል

ያልታሸ እንስራ የያዘው ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ገበሬው ከእኛ በላይ ያውቃል። ውኃው በሸክላው ቀዳዳ ወደ ውጭ እያላበ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በቆላ አገር የሚጓዝ ሰው ኮዳውን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠቀልለውም ስለዚሁ ነው። ትነት የሚወስደው ሙቀት ብዙ ነው። 1 ሊትር ውኃ ለማትነን የሚፈጀው ሙቀት፣ 7 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ እንዲደርስ ለማድረግ ይበቃል። (100 ዲግሪ ያልነው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው።)

ቅጠልም እንደ እንስራው ነው። በገጹ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር እያስገባ ውኃ ያተናል፤ በዚህም ራሱን ያቀዘቅዛል። ሥሩ በቂ ውኃ ያገኘ ተክል በደረቅና ፀሐያማ ቀን ቅጠሉ በዙሪያው ካለው አየር በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ውኃ ሲያጥረው ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ትነቱ ይቆማል፤ ቅጠሉ ይሞቃል። ቀዳዳው ሲዘጋ ለምግብ ሥራ የሚያስፈልገው አየርም አብሮ ስለሚቀር እድገቱ ይቀንሳል። ካሜራው የሚይዘው እንግዲህ ይህን የመዝጊያ ሰዓት ነው።

ሆኖም የቅጠል ሙቀት ብቻውን ምንም አይናገርም። 31 ዲግሪ የሆነ ቅጠል በወንጂ ጥሩ፣ በደብረ ብርሃን መጥፎ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በነፋስ፣ በአየሩ እርጥበትና በፀሐዩ ኃይል ይወሰናል። ስለዚህ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሰብል ጥም መለኪያ የሚባለውን ስሌት ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ለልማት ሠራተኛው የሚመቸው አሠራር የሚከተለው ነው።

በዚያው ማሳ ውስጥ ፀሐይ የሚመታቸው ጤናማ ቅጠሎች ይመረጣሉ። ከእነርሱ አንዱ በሁለቱም ገጹ ቫዝሊን ይቀባል፤ ቀዳዳው ስለሚደፈን ጭራሽ የማያተን ቅጠል ምን ያህል እንደሚሞቅ ያሳያል። ሁለተኛው ቅጠል ልክ ከመለካቱ በፊት በውኃ ይረጫል፤ በሙሉ ኃይሉ የሚያተን ቅጠል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያሳያል። ሦስተኛው እንዳለ ይተዋል። ለምሳሌ የተረጨው 25፣ የተቀባው 37፣ ያልተነካው 31 ዲግሪ ቢሆኑ፣ ከ31 ላይ 25 ሲቀነስ 6 ይሆናል፤ ከ37 ላይ 25 ሲቀነስ 12 ይሆናል፤ 6 ለ12 ሲካፈል 0.5 ይመጣል። 0 ማለት ተክሉ ጠግቦ ያተናል፣ 1 ማለት ጭራሽ ዘግቷል ማለት ነው። ያልተነካው ቅጠል 27.4 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ 0.2 ይሆን ነበር።

ከስንት በላይ ሲሆን ውኃ ይጠጣ የሚለው እንደ ሰብሉ ዓይነትና እንደ እድገቱ ደረጃ ይለያያል። ሥሩ አጭር የሆነው ሽንኩርት እንደ ጥጥ አይታገሥም፤ አበባ ላይ ያለ በቆሎም ገና ጉልበት ድረስ ካደገው ጋር አንድ አይደለም። በመሆኑም አንድ ቁጥር ከመጽሐፍ ወስዶ በሁሉም ላይ መጫን አይገባም። ጠዋት ውኃ ጠጥቶ ያደረ ፈርና ከተጠጣ ሳምንት የሆነው ፈር ጎን ለጎን ተለክተው ለአካባቢው የሚሆነው መጠን በራሱ ማሳ ላይ ቢጠና ይመረጣል።

የሞቀ ሁሉ የተጠማ አይደለም

የዚህን ጽሑፍ ዋና ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ እናደርጋለን።

በሥዕሉ ላይ ሞቆ የታየ ቦታ የውኃ እጥረት ያለበት ብቻ ሊመስለን አይገባም። አፈሩ ጨዋማ ከሆነ ውኃ እያለ ሥሩ ሊስበው አይችልም፤ ቅጠሉም ይሞቃል። ውኃ ተኝቶበት ሥሩ አየር ያጣ ተክልም ቀዳዳውን ይዘጋል፤ እርሱም ይሞቃል። ሥሩን በሽታ ወይም ትል የበላው እንደዚሁ። ከላይ ሆኖ አራቱን መለየት አይቻልም።

እንግዲህ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ «ሞቋል» ተብሎ ሌላ ውኃ ቢጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ በቂ ማጠንፈፊያ ሳይኖር ለዓመታት ከመጠን ያለፈ ውኃ በመለቀቁ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ሥር አካባቢ ወጥቶ ጨው በገጹ ላይ ትቶ፣ ሰፊ የመስኖ መሬት ከእርሻ ውጭ ሆኖ ታይቷል። የሙቀት ሥዕል ያለ አካፋ ሲነበብ ይህንኑ ጉዳት ሊያፋጥን ይችላል። ስለዚህ ሞቆ በታየ ቦታ ሁሉ ሄዶ እስከ ሥሩ ጥልቀት መቆፈር፣ አፈሩን በእጅ ጨብጦ መመልከት፣ ሥሩን ነቅሎ ማየት ግዴታ ነው። ሥዕሉ የት እንደሚቆፈር ይነግራል እንጂ ቁፋሮውን አይተካም።

ሌላው ስሕተት በለጋ ሰብል ላይ ይደርሳል። ቅጠሉ መሬቱን ገና ባልሸፈነበት ጊዜ ካሜራው ቅጠልና ባዶ አፈር ቀላቅሎ በአንድ ነጥብ ያነባል። ቅጠሉ 28፣ በፀሐይ የነደደው አፈር 48 ዲግሪ ሆነው ነጥቡን እኩል ቢካፈሉት ንባቡ 38 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚያ ማሳ ውስጥ ግን አንድም የተጠማ ተክል የለም። ሰብሉ ፈሩን እስኪሸፍን ድረስ ዝቅ ብሎ መብረር ወይም ነገሩን ማቆየት ይሻላል።

ሰዓት መምረጥ

የሰብል ጥም የሚለካው ፀሐይ በበረታችበት፣ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ደመና በሌለበትና ነፋስ ባልበረታበት ቀን ነው። የደመና ጥላ ሲያልፍ ቅጠሉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ የማሳው ግማሽ በጥላ፣ ግማሹ በፀሐይ ከተነሣ ሥዕሉ ይጣል።

የአፈርና የውኃ ጥናት ግን ሰዓቱ ሌላ ነው። ውኃ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ይዘገያል፤ እኩል ክብደት ያለውን ደረቅ አፈር ከሚያሞቀው አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት እርጥብ መሬት ቀን ከደረቁ ይልቅ ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ከደረቁ ይልቅ ሞቃት ይሆናል። ከዚህም የሚከተል አንድ ነገር አለ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላና ማታ ልትጠልቅ ስትል፣ የሁለቱ ሙቀት ሲተላለፍ እኩል የሚሆንበት ሰዓት አለ። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሥዕል እርጥቡንም ደረቁንም አንድ አድርጎ ያሳያል። ካሜራው ተበላሽቷል ተብሎ የሚመለሰው አንዳንዴ በዚሁ ሰዓት ስለተነሣ ነው።

ከቦይና ከግድብ ሥር የሚሰርግ ውኃ፣ ምንጭና የመሬት ውስጥ እንፋሎት የሚፈለገው እንግዲህ ከንጋቱ በፊት፣ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ የቀኑ የፀሐይ ሙቀት ከድንጋዩ ከወጣ በኋላ ነው። በደጋ ማለዳ ውኃ የቀዳ ሁሉ ምንጩ ሞቅ ብሎ፣ ወንዙ ግን እጅ እንደሚያደነዝዝ ያውቃል። የምንጭ ውኃ ከመሬት ውስጥ ስለሚመጣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ የአካባቢውን አማካይ የአየር ሙቀት ይቀርባል። በዚያ ሰዓት በወንዝ ላይ ሲበረር ምንጭ የሚገባበት ቦታ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል። በአፈር ግድብ እግር ሥር እንዲህ ያለ የማይጠበቅ እርጥበት መታየቱ ቶሎ ለመሐንዲስ የሚነገር ጉዳይ ነው።

ከእርሻ ውጭ ያለው ጥናት

የስምጥ ሸለቆ አገራችን ለምድር ሳይንስ ትምህርት የታደለ ነው። እቴጌ ጣይቱን ወደ ፊንፊኔ የሳበው ፍል ውኃ፣ ሶደሬና ወንዶ ገነት ያሉት ፍልውኃዎች ሁሉ የሙቀት ካሜራ ማስተማሪያ ሊሆኑ ይችላሉ። በአሉቶ ላንጋኖ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተተከለበት አካባቢ፣ እንፋሎት የሚተነፍሱ ስንጥቆች በተራራው ላይ ተዘርዝረው ይገኛሉ። በእግር ቢለካ ብዙ ቀን የሚፈጅና እግርን የሚያቃጥል መሬት ከአየር በአንድ ሌሊት ሊቀረጽ ይችላል።

ኤርታ አሌ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ቅልጥ ድንጋዩ ከሐይቁ ሞልቶ ሲፈስና ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዲስ ስንጥቅ ሲከፈት እንደታየው፣ ሰው ሊቀርበው የማይገባን ነገር በሩቅ መለካት ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ለእርሻ ከሚሸጡት ካሜራዎች ብዙዎቹ በተለመደው አሠራር ከ150 ዲግሪ፣ በሌላው አሠራር ከ500 ዲግሪ ገደማ በላይ አይለኩም፤ የባዛልት ቅልጥ ድንጋይ ከ1,100 ዲግሪ ያልፋል። ጭሱና እንፋሎቱም ጨረሩን ይጋርዳሉ። ለሽንኩርት የተገዛ ካሜራ እሳተ ገሞራ አይለካም።

ስለ በረራው

ዝርዝሩ ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው መመሪያ ስለሚገኝ በአጭሩ እናልፈዋለን። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ድሮን ማብረር አይቻልም፤ ፈቃዱ አስቀድሞ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ይገኝ፤ ለሌሊት በረራ በተለይ ይጠየቅ። የቀበሌው ሕዝብም ይነገረው። በጨለማ በቤቱ ላይ ምን እንደሚያንዣብብ የማያውቅ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ይህ ካሜራ በግቢ ውስጥ ያለን ሰው በጨለማ ያሳያልና።

ካሜራው ከመለካቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል ተከፍቶ ይቆይ። በማሳው ዳር ውኃ የተሞላ ሳፋና ጥቁር የተቀባ ሳንቃ ተቀምጠው በቴርሞሜትር ይለኩ። እንዲህ ያሉ ካሜራዎች በአንድ ሥዕል ውስጥ የዲግሪ አሥረኛ ልዩነት ሊያሳዩ ሲችሉ፣ እውነተኛውን ሙቀት በመናገር ግን እስከ 5 ዲግሪ ሊሳሳቱ ይችላሉ። የትናንቱን ከዛሬው ጋር የሚያስታርቀው ሳፋው ነው።

የከፍታው ምርጫ የሒሳብ ጉዳይ ነው። የመቀበያ ነጥቡ 12 ማይክሮን፣ ሌንሱ 9 ሚሊሜትር የሆነ ካሜራ በ60 ሜትር ከፍታ ላይ አንዱ ነጥብ በመሬት 8 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሥዕሉ 51 ሜትር በ41 ሜትር ይሸፍናል። ሥዕሎቹ ተሰፍተው አንድ ካርታ እንዲሆኑ 80 በመቶ መደራረብ ስለሚያስፈልግ፣ መስመሮቹ በ10 ሜትር ይራራቃሉ፤ ለ1 ሄክታር 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይበረራል። በሴኮንድ 5 ሜትር ፍጥነት መመለሻው ተጨምሮ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይወስዳል። 20 ደቂቃ የሚያበር ባትሪ ወደ 4 ሄክታር ያዳርሳል፤ ከፍታው ወደ 120 ሜትር ቢጨመር 8 ሄክታር ገደማ፣ ነጥቡ ግን 16 ሳንቲሜትር ይሆናል። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ድሮኑ ለመንሳፈፍ የበለጠ ኃይል ይፈጃል፤ ጊዜው ከዚህ ያንሳል። ጭላትና አሞራም ሊጣሉት ይችላሉ።

ማኅበራት ይግዙት ወይ?

ላንድሳት 8 እና 9 የተባሉት ሳተላይቶች የመሬትን ሙቀት በ8 ቀን አንድ ጊዜ በነፃ ያቀርባሉ፤ ነገር ግን የሙቀት መለኪያቸው አንድ ነጥብ 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። 4 ጥማድ አንድ ሄክታር በሚሆንበት አገር አንዱ ነጥብ አራት ባለ መሬት ይጠቀልላል። በ60 ሜትር የሚበር ድሮን በዚያው ሄክታር ላይ ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ ነጥብ ያስቀምጣል። የድሮኑ ጥቅም ይህ ነው። በአንጻሩ እንደ ቆጋ ያለ፣ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የታቀደ መስኖ በአንድ ድሮን ለማዳረስ፣ በ8 ሄክታር ሒሳብ 875 በረራ ይጠይቃል።

ስለሆነም በእኛ አስተያየት አንድ መሠረታዊ ማኅበር ለብቻው እንዲህ ያለ መሣሪያ መግዛት የለበትም። ዩኒየኑ ወይም በአቅራቢያው ያለ የምርምር ማዕከል ወይም ዩኒቨርሲቲ ይዞት በወቅቱ ቢዘዋወር ይበቃል። ማኅበሩ በጋራዥ የሚገኘውን ዓይነት የእጅ መለኪያ፣ አካፋና የውኃ ተራ መዝገብ ቢኖረው በገንዘቡ የበለጠ ይጠቀማል።

ሥዕሉ በስብሰባ ላይ በሚቀርብበት ጊዜ የባለ መሬቶቹ ስም አይጻፍበት። መጀመሪያ የቦዩ ራስ፣ መካከልና ጫፍ ብቻ ተለይቶ ይታይ፤ የየክፍሉ አማካይ ሙቀት፣ የተረጨውና የተቀባው ቅጠል ንባብ፣ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ቦታ ተቆፍሮ የተገኘው የአፈር እርጥበት አብሮ ይቅረብ። ቁፋሮው ላይ የውኃ አባቱ፣ ከቦዩ ራስ አንድ ሰው፣ ከጫፉም አንድ ሰው ይገኙ። ጫፉ ሞቆ አፈሩም እስከ ሥሩ ደርቆ ከተገኘ የተራው ቀን ይታይ። ጫፉ ሞቆ አፈሩ ረግረግ ከሆነ ማጠንፈፊያው ይቆፈር እንጂ የውኃ ተራ አይጨመርለት። ራሱም ጫፉም እኩል ቀዝቅዘው ከታዩ ክርክሩ ስለ ውኃ ላይሆን ስለሚችል ኮሚቴው ሌላውን ምክንያት ይጠይቅ።

ከየበረራው በኋላ ቀኑና ሰዓቱ፣ የበረራው ከፍታ፣ የአየሩ ሙቀትና የነፋሱ ሁኔታ፣ የሳፋውና የሳንቃው ንባብ፣ የሰብሉ ዓይነትና ዕድሜ፣ ማሳው ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ከሥዕሉ ጋር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ባትሪው በሙሉ ተሞልቶ ለወራት አይቀመጥ፤ ግማሽ ያህል ሆኖ በጥላ ቦታ ይቆይ።